ስለ አንድ ላፕቶፕ አያያዝ፤ ከአዲስ አበባ እስከ ላስታ

በዚህች መጽሔት ላይ ስለ አገር ዕድገት፥ ስለ ትምህርት ዓላማና ስለ ምሁር ኀላፊነት ብዙ ተጽፏል፤ ወደ ፊትም ይጻፋል። እኛ ግን ዛሬ የምንጽፈው ስለ አንድ ላፕቶፕ ነው። ጉዳዩ ለመጽሔት የማይበቃ ሆኖ የሚታየው ጓደኛ ቢኖር ጥቂት ይታገሠን ዘንድ እንለምነዋለን። ስለ ቴክኖሎጂ ሽግግር በአዳራሽ ሲከራከር የሚያመሽ ተማሪ፥ በማግሥቱ የገዛ ዕቃው ሲግልበት ክዳኑን ፈትቶ አቧራውን መጥረግ ካቃተው፥ ክርክሩ ከአፍ አላለፈም ማለት ነው። እኛ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ዕቃ ስንፈታና ስንገጥም ቆይተናል፤ ያየነውንም ለጓደኞቻችን ማካፈል ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

እኛ አራት ነን። ሁለታችን የሥነ ሕንፃ፥ አንዳችን የሲቪል ምሕንድስና፥ አንዳችን ደግሞ የጂኦግራፊ ተማሪዎች ነን። ከመካከላችን አንዱ የላስታ ልጅ ስለሆነ የምንሠራውም ሥራ ከላስታ ጋራ የተያያዘ ነው። ላሊበላ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ከዐለት የተፈለፈሉትን ዐሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት ነው፤ እነርሱም እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። ነገር ግን በዚያው አካባቢ ሌላ ቅርስ አለ፤ ይኸውም በድንጋይና በጭቃ የሚሠራው፥ ጣራው ሣር የሚለብሰው፥ ክብ ሆኖ ደርብ ያለው የላስታ ቤት ነው። ከአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ሌሎች ሰፈሮች ከተዛወሩ ወዲህ ከእነዚህ ቤቶች የፈረሱ አሉ፤ ቆመው የቀሩትም ጠጋኝ ይሻሉ። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ደግሞ ቆርቆሮ ይመርጣል፤ በዚህም አይፈረድበትም።

እኛ የያዝነው ሥራ እነዚህን ቤቶች ሳይፈርሱ መለካት ነው። አንድን ቤት ከውጭም ከውስጥም ብዙ መቶ ጊዜ ፎቶግራፍ እናነሳለን፤ ከዚያም ኮምፒውተሩ ፎቶግራፎቹን እያነጻጸረ የቤቱን ቅርጽ በሦስት ገጽ ያወጣዋል። የግድግዳው ውፍረት፥ የመሰላሉ ቁመት፥ የጣራው ዘንበል ማለት ሁሉ ከዚያ ላይ ይለካል። የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክት የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር እየለካ መዝግቧል። ሥራው የሚያስመሰግን ነው። የእኛ አሳብ ግን የተራውን ሰው ቤት እኛው ራሳችን፥ በእጃችን ባለው ዕቃ፥ መመዝገብ እንችላለን የሚል ነው።

ይህን ሥራ ተራ ላፕቶፕ አይችለውም። ስለዚህ ከኪስ ገንዘባችንና ከቤተ ሰብ ለምነን ባገኘነው አንድ ያገለገለ ቲንክፓድ ፒ50 አዲስ አበባ ውስጥ ገዛን። ይህ ዐይነት በእንግሊዝኛው ዎርክስቴሽን የሚባለው፥ ለመሐንዲስና ለንድፍ ሠሪ ተብሎ የሚሠራ ነው። ሌኖቮ የፒ ተርታን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ስለሆነ ዕቃው ወጣት አይደለም። ሆኖም የሜሞሪ ማስገቢያው አራት ነው፤ ሁለት ኤስኤስዲና አንድ ባለ 2.5 ኢንች ዲስክ ይይዛል፤ ባትሪው ያለ ካቻቢቴ ተነቅሎ ይወጣል፤ አምራቹም የመፍቻ መመሪያውን ለማንም ሰው በነጻ አውጥቶታል። ለድኻ ተማሪ ከአዲስነት ይልቅ የሚፈታ መሆኑ ይበልጥበታል። አዲሶቹ ስስ ላፕቶፖች ሜሞሪያቸው በቦርዱ ላይ ስለሚበየድ ዛሬ ያነሰህ ነገር ነገም እንዳነሰህ ይኖራል።

ያገለገለ ዕቃ ለሚገዛ ጓደኛ ሦስት ነገር እንመክረዋለን። አንደኛ፥ ሲበራ የባዮስን ገጽ እንዲከፍት ይጠይቅ። የድርጅት ንብረት የነበረ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ የባዮስ ይለፍ ቃል ይኖረዋል፤ የተቆጣጣሪው ይለፍ ቃል ካልታወቀ አምራቹ ራሱ ዋናውን ቦርድ ከመለወጥ በቀር መፍትሔ የለውም። ሁለተኛ፥ ባትሪው ሲሠራ የነበረውን አቅምና አሁን የቀረውን አቅም በፕሮግራም ያንብብ። የእኛው ሲሠራ 90 ዋት ሰዓት ነበር፤ ስንገዛው 71 ቀርቶት ነበር፤ ይህን አውቀን ዋጋ አስቀንሰንበታል። ሦስተኛ፥ ቻርጀሩን ገልብጦ የተጻፈውን ቍጥር ያንብብ። እኛ የገዛንበት መደብር ለዚህ ዕቃ የሚገባውን ባለ 170 ዋት ቻርጀር አስቀርቶ ባለ 90 ዋት ሰጠን፤ ሶኬቱም ገጠመ፥ መብራቱም በራ። ከባድ ሥራ ሲጀመር ግን ላፕቶፑ እንደ ደከመ በቅሎ ይዘገያል፤ ባትሪውም ተሰክቶ ሳለ ይጎድላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፕሮሰሰሩ ብቻውን 45 ዋት፥ የግራፊክስ ካርዱ 55 ዋት ሲፈልግ 90 ዋት ከየት ይበቃዋል? ባለ መደብሩ «ዕቃው አርጅቶ ነው» ብሎ መለሰን። ቍጥሩን ከመመሪያው ላይ አሳይተነው ብዙ ከተከራከርን በኋላ ቻርጀሩን ለወጠልን፤ ላፕቶፑም በዚያው ቀን «ወጣት» ሆነ።

ቀጥሎ የመጣው ዕቃውን ለሥራችን እንዲስማማ ማድረግ ነው። ሲገዛ 16 ጊጋባይት ሜሞሪ ነበረው፤ ሌላ 16 ጨመርንበት። ከአራቱ ማስገቢያዎች ሁለቱ ከታችኛው ክዳን ሥር፥ ሁለቱ ከኪቦርዱ ሥር ናቸው፤ ስለዚህ ሻጩ የት የት እንዳስገባው ሳያዩ ሜሞሪ መግዛት አይገባም። የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ አውጥተን በምትኩ ኤስኤስዲ አስገባን። ይህን ያደረግነው ለፍጥነት ብቻ አይደለም፤ ሃርድ ዲስክ በሥራ ላይ ሳለ መናወጥ ጠላቱ ስለሆነ፥ ወደ ላሊበላ የሚያደርሰውን መንገድና ከዚያም ወዲያ ያለውን የበቅሎ ጕዞ አስበን ነው።

ከዚህ በኋላ ክርክር ተነሣ፤ ክርክሩም ቀላል አልነበረም። ላፕቶፑ ወደ ላስታ ይሂድ ወይስ አዲስ አበባ ይቀመጥ? ሁለታችን «አይሄድም» አልን። ምክንያታችንም ዕቃው ቢሰበር ወይም ቢጠፋ የአራት ሰው የመመረቂያ ሥራ በአንድ ቀን ይጠፋል፤ ካሜራው ብቻ ሄዶ ፎቶግራፉን ይዞ ቢመለስ ይበቃል የሚል ነበር። ሁለታችን ደግሞ «ካልሄደ ምን ይሠራል?» አልን። ፎቶግራፉ አንድ ጥግ ቢጎድለው የሚታወቀው ኮምፒውተሩ ቅርጹን ሲያወጣ ነው፤ አዲስ አበባ ከተመለሱ በኋላ ጕድለቱን ማወቅ ዋጋ የለውም፤ በሚመጣው ዓመት ቤቱ ቆሞ ይጠብቀን አይጠብቀን ማን ያውቃል? ሁለት ሌሊት ከተከራከርን በኋላ የተስማማነው ዕቃው በሁኔታ እንዲሄድ ነው። ሁኔታዎቹንም በጽሑፍ አደረግናቸው። ከዚህ በታች የምናቀርበው ምክር ሁሉ ከእነዚያ ሁኔታዎች የወጣ ነው።

የመጀመሪያው ስለ ሙቀትና ስለ ከፍታ ነው። ላፕቶፕ ራሱን የሚያቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ማራገቢያው ከታች አየር ስቦ በመዳብ ክንፎቹ መካከል ያሳልፋል። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ማራገቢያው እኩል ቢሽከረከርም የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ነው። አምራቹ ይህን አስቦ በመመሪያው ጽፎታል፤ እስከ 2,438 ሜትር ድረስ የአካባቢው ሙቀት 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢደርስ ይሠራል፤ ከዚያ በላይ ግን ከ31.3 ዲግሪ እንዳያልፍ፥ ከ3,048 ሜትር በላይም እንዳይሠራበት ይላል። አዲስ አበባ ከመጀመሪያው ወሰን ጥቂት ዝቅ ብላ፥ ላሊበላ ጥቂት ከፍ ብላ መገኘታቸውን ልብ ይሏል። ከ4,200 ሜትር በላይ ወደሚወጣው ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ሲኬድማ ካሜራው ብቻ ይወጣል፤ ላፕቶፑ ጠፍቶ ከታች ይቀራል።

እንግዲህ የደጋ ተማሪ ለማራገቢያው ከሌላው ይበልጥ መጠንቀቅ አለበት። ላፕቶፕ በአልጋ ላይ፥ በጋቢ ላይ ወይም በጭን ላይ ተቀምጦ ከባድ ሥራ አይሠራበትም፤ የሚተነፍሰው በሆዱ ነውና። እኛ ከኋላው ሦስት ሴንቲሜትር ከፍ የሚያደርጉ ሁለት የእንጨት ቍራጮች አስጠርበናል፤ ከቦርሳው አይለዩም። ለጽሑፍና ለንባብ ደግሞ የፕሮሰሰሩን ቱርቦ እናጠፋለን። መደበኛ ፍጥነቱ 2.7 ጊጋኸርዝ ነው፤ ቱርቦው ወደ 3.6 ያወጣዋል። ያ ተጨማሪ ፍጥነት ለድርሰት ምንም አይጠቅምም፤ ሙቀቱና የባትሪው ፍጆታ ግን ይጨምራሉ።

ሁለተኛው ስለ አቧራና ስለ ጢስ ነው። ዝናቡ ካለፈ በኋላ የላስታ አቧራ ደቃቅ ሆኖ በሁሉ ይገባል። ከአቧራው የሚብሰው ግን የጓዳ ጢስ ነው፤ ጢሱ ጥቀርሻና ቅባት ስላለው አቧራውን በማራገቢያው ክንፍ ላይ እንደ ሙጫ ያጣብቀዋል። ስለዚህ ምድጃ በሚነድበት ቤት ውስጥ ላፕቶፕ ማብራት አይገባም፤ በደጅ፥ በጥላ ሥር መሥራት ይሻላል።

አጠራረጉ እንደሚከተለው ነው። ላፕቶፑን ማጥፋት፤ ቻርጀሩን መንቀል፤ ባትሪውን ማውጣት፤ የቀረውን ኤሌክትሪክ ለማፍሰስ የማብሪያውን ቍልፍ ዐሥር ሴኮንድ ያህል መጫን። ከዚያ በኋላ ብሎኖቹን መፍታት። ብሎን ሲፈታ ርዝመቱ ይለያያልና በወረቀት ላይ የላፕቶፑን ሥዕል ሥሎ እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ በፕላስተር መለጠፍ ያስፈልጋል፤ ረጅሙ ብሎን በአጭሩ ቦታ ከገባ ቦርዱን ሊወጋ ይችላል። ክንፎቹን በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ፤ አየር ሲነፋበት ግን ማራገቢያውን በጣት መያዝ፤ አለዚያ በነፋሱ ከልኩ በላይ ተሽከርክሮ መዘውሩ ይጎዳል። በመጨረሻም በፕሮሰሰሩና በመዳቡ መካከል ያለው ቴርማል ፔስት ደርቆ ከሆነ በጥጥና በአልኮል አጽድቶ አዲስ መቀባት ነው። መጠኑ ከምስር ፍሬ አይበልጥም፤ ብዙ መቀባት ሙቀቱን ከማስተላለፍ ይልቅ ያግደዋል። ይህን ባደረግን ቀን በአንድ ዐይነት ሥራ ላይ የፕሮሰሰሩ ሙቀት ከ96 ዲግሪ ወደ 84 ወረደ። ይህ ፕሮሰሰር 100 ዲግሪ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ስለዚህ «ላፕቶፔ ዘገየብኝ» የሚል ጓደኛ አዲስ ከመግዛቱ በፊት ብሩሽ ይግዛ።

ሦስተኛው ስለ ባትሪና ስለ መብራት ነው። ሊቲየም ባትሪ ሁለት ነገር ያስረጀዋል፤ ሙቀትና ዘወትር ሙሉ ሆኖ መኖር። በመኝታ ቤታችን ላፕቶፑ እንደ ተሰካ ስለሚውል ባትሪው 75 ከመቶ ሲደርስ መሙላት እንዲጀምር፥ 80 ሲደርስ እንዲያቆም አድርገነዋል። ቲንክፓድ ይህን ይፈቅዳል፤ በዊንዶውስ በአምራቹ ፕሮግራም፥ በሊኑክስ ቲኤልፒ በሚባለው ይታዘዛል። ለመንገድ በተነሣን ዋዜማ ብቻ 100 እንሞላዋለን። አምራቹ ባትሪው ከ10 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ እንዳይሞላም ያስጠነቅቃል። በላስታ ከፍታዎች ጧት ጧት ይህ ብርድ የተለመደ ነው፤ ስለዚህ ላፕቶፑ ሌሊቱን በጋቢ ተጠቅልሎ ከሰው አጠገብ ያድራል። ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ሲገባም ጤዛ ስለሚይዝ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይበራ መቆየት አለበት።

ስለ መብራት ሲነገር ላሊበላ ያየችውን ሳያስታውሱ ማለፍ አይቻልም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ከተማዋ ሲደርስ የኤሌክትሪኩ መስመር ተቋርጦ ነዋሪው ብዙ ወራት በጨለማ ቆይቷል። ዛሬም ቢሆን መብራት መጥቶ መሄዱ በየትም አገራችን ያለ ነው። ላፕቶፕን ይበልጥ የሚጎዳው መሄዱ ሳይሆን አመጣጡ ነው፤ ሲመጣ ቮልቴጁ ዘሎ ይመጣልና። መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ወዲያው መንቀል፥ ሲመጣም ዐምስት ደቂቃ ጠብቆ መሰካት ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ መድኃኒት ነው።

መብራት ለሌለበት ቦታ ሒሳብ ያስፈልጋል። 90 ዋት ሰዓት ያለው ጤነኛ ባትሪ 100 ዋት የሚበላ ሥራ ቢሠራበት አንድ ሰዓት አይሞላም፤ 15 ዋት በሚበላ የጽሑፍ ሥራ ግን ስድስት ሰዓት ይቆያል። እኛ አንዱን ቤት 1,140 ጊዜ ፎቶግራፍ አንሥተን ቅርጹን ለማውጣት ላፕቶፑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሠርቷል፤ ይህ በባትሪ የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ ሥራውን ከሁለት ከፈልነው። በላስታ ሳለን ፎቶግራፎቹን አሳንሰን፥ ከየዐሥሩ አንዱን ብቻ መርጠን፥ ጐደሎ ጥግ መኖር አለመኖሩን እናያለን፤ ይህ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ሙሉው ሥራ አዲስ አበባ ሲገባ ይሠራል። ክርክራችንን ያስታረቀውም ይህ ነው። የሁለቱም ወገን ምክንያት እውነት ስለነበረ ሥራውን እንጂ ሰውን መክፈል አላስፈለገም።

በፀሐይ ኀይል መሙላት ለሚፈልግም አንድ ቃል እንጨምር። ባለ 200 ዋት የፀሐይ ሰሌዳ ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን ከብክነቱ ተርፎ ከ600 እስከ 700 ዋት ሰዓት ቢሰጥ ባትሪውን ስድስት ጊዜ ያህል ይሞላዋል። ችግሩ ኢንቨርተሩ ላይ ነው። ባለ 150 ዋቱ ትንሽ ኢንቨርተር የእኛን ቻርጀር አይሸከምም፤ ላፕቶፑ በርቶ እየሠራ ሲሞላ ይዘጋል። ስለዚህ ላፕቶፑ ጠፍቶ ይሞላ፤ ያን ጊዜ የሚወስደው ኀይል በብዙ ይቀንሳል።

አራተኛው ስለ ፕሮግራሞች ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። በዚያ ዘመን በየጊዜው ከኢንተርኔት ፈቃድ የሚጠይቅ ፕሮግራም የነበረው ሰው ዕቃው በእጁ ሳለ ሥራ ፈትቷል። ከዚህ ተምረን የምንጠቀምባቸውን ፕሮግራሞች ሁሉ መጫኛቸውን በአንድ ውጫዊ ዲስክ ሰብስበናል። ለካርታ ኪውጂአይኤስ፥ ለሦስት ገጽ ቅርጽ ብሌንደር፥ ፎቶግራፍን ወደ ቅርጽ ለመለወጥ ሜሽሩም፥ ለጽሑፍ ሊብሬኦፊስ ሁሉም ነጻ ናቸው፤ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራሉ።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ የእኛ ፕሮሰሰር ደግሞ ዊንዶውስ 11 ከሚቀበላቸው ተርታ ውጭ ነው። ስለዚህ በአንደኛው ኤስኤስዲ ላይ እስከ እ.ኤ.አ. 2029 መደበኛ ድጋፍ ያለውን ኡቡንቱ 24.04 ጫንን። አውቶካድ በሊኑክስ ላይ ስለማይሠራ አሮጌውን ዊንዶውስ በሁለተኛው ዲስክ አስቀርተነዋል፤ ከኢንተርኔት ግን አይገናኝም። ለግራፊክስ ካርዱም ኤንቪዲያ ከ580ኛው ተርታ በኋላ የሚያወጣቸው ድራይቨሮች የእኛን ትውልድ አይደግፉም፤ ስለዚህ የሚሠራውን ድራይቨር መጫኛ አስቀምጠናል። አንድ ዕቃ በአምራቹ ዘንድ «አረጀ» ሲባል በባለቤቱ ዘንድ አረጀ ማለት አይደለም፤ መጫኛው በእጅ እስካለ ድረስ ገና ብዙ ያገለግላል።

በአማርኛ ስለ መጻፍም ጥቂት እንበል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የቤቱን ክፍሎች ስም በአማርኛ ለመጻፍ የሚከለክለን የለም። ኪማን የሚባለው ነጻ የመጻፊያ ፕሮግራም በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራል። እኛ በሥዕሎቻችን ላይ የምንጽፈው ባለቤቶቹ የሚጠሩበትን ስም ነው፤ ደርብ፥ ምሰሶ፥ መደብ፥ ጎታ። በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ ሥዕል ለቤቱ ባለቤት ተመልሶ ቢሰጣቸው ምን ይጠቅማቸዋል?

ዐምስተኛውና ዋነኛው ቅጂ ማብዛት ነው። የጓደኛችን አያት በላስታ ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ከለካናቸው ቤቶች አንዱም የእርሳቸው ነው። ሥራችንን ካሳየናቸው በኋላ «ይህ ሁሉ ያለው በዚህ በአንዱ ዕቃ ውስጥ ነው?» ብለው ጠየቁን። አንዳችን ስለ ውጫዊው ዲስክ ማስረዳት ስንጀምር ሳያስጨርሱን «ልጆቼ፥ ዘር እንኳ በአንድ ጎታ አይቀመጥም» አሉን። የኮምፒውተር ሰዎች ይህንኑ ምክር በቍጥር ያስቀምጡታል፤ ሦስት ቅጂ፥ በሁለት ዐይነት ዕቃ፥ አንዱ በሌላ ቦታ። የብራና መጻሕፍቶቻችንም እስከ ዛሬ የደረሱት እየተገለበጡ በየደብሩና በየገዳሙ ስለ ተቀመጡ ነው፤ አንዱ ቢቃጠል ሌላው ተርፏል።

እኛም አሁን ይህን ሕግ አድርገናል። ከእያንዳንዱ የሥራ ቀን በኋላ፥ እራት ሳይበላ፥ ፎቶግራፎቹ በላፕቶፑና በውጫዊው ዲስክ ይገለበጣሉ፤ ሁለቱም ተከፍተው እስኪታዩ ድረስ የካሜራው ካርድ አይጠፋም። በመንገድ ላይ ላፕቶፑና ዲስኩ በአንድ ቦርሳ አይሄዱም፤ በሁለት ሰው ትከሻ ይሄዳሉ። ሦስተኛው ቅጂ በላሊበላ በጓደኛችን ቤተ ሰብ ዘንድ፥ በላስቲክ ተጠቅልሎ፥ ከጢስ ርቆ ተሰቅሏል። ካህናት መጽሐፋቸውን በማኅደር አድርገው በግድግዳ ላይ ሲሰቅሉ ካየን በኋላ የመረጥነው ቦታ ነው። በዚህ ዓመት ከለካናቸው ቤቶች የአንዱ ግድግዳ በክረምቱ ዝናብ ወርዷል። ልኩ ግን በሦስት ቦታ አለ፤ ባለቤቱም ሊያሠሩት ቢፈልጉ የድንጋዩን ተራ ሳይቀር ልናሳያቸው እንችላለን።

አራት ሰው በአንድ ዕቃ ሲጠቀም ጠብ እንዳይነሣ ያደረግነውንም እንንገር። አንድ ደብተር አለን። ላፕቶፑን የወሰደ ሁሉ ቀኑን፥ የሠራውን ሥራና ያየውን ነውር ይጽፍበታል፤ «ማራገቢያው ጮኸ»፥ «ሠ ፊደል ጠንክሮ ካልተመታ አይጽፍም» እየተባለ። ማራገቢያውን በየስድስት ወሩ የሚጠርገው በየተራ ነው፤ ይህም ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። አንድ ሰው ብቻ ቢያውቀው ኖሮ ሦስታችን የእርሱ ጥገኞች እንሆን ነበር። የጂኦግራፊ ተማሪዋ ጓደኛችን ካቻቢቴ ይዛ አታውቅም ነበር፤ ዛሬ ከሁላችን ፈጥና የምትፈታው እርሷ ናት፤ ከሌላ መኝታ ቤትም እየመጡ ይጠይቋታል።

ከዚህ በመነሣት ለተማሪዎች ማኅበራችን ሦስት አሳብ እናቀርባለን፤ ሦስቱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። አንደኛ፥ ማኅበሩ አንድ ሙሉ የካቻቢቴ ስብስብ፥ ብሩሽ፥ አልኮልና ቴርማል ፔስት ገዝቶ በጽሕፈት ቤቱ ያስቀምጥ፤ ተማሪም ፈርሞ ይውሰድ፥ ይመልስም። ሁለተኛ፥ የነጻ ፕሮግራሞችና የአማርኛ መጻፊያ መጫኛዎች በአንድ ዲስክ ተሰብስበው ማንም መጥቶ ይገልብጥ፤ ወደ ክፍለ ሀገር የሚሄድ ተማሪም ለአገሩ ልጆች ይዞላቸው ይሂድ። ሦስተኛ፥ በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዕቃውን ይዞ የመጣ ሁሉ በሚያውቅ ሰው ፊት በገዛ እጁ ፈትቶ የሚጠርግበት ጊዜ ይወሰን። እኛ አራታችን ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቅዳሜዎች ፈቃደኞች ነን፤ የሚመጣ ጓደኛ ብሎን የሚለጥፍበት ወረቀትና ፕላስተር ይዞ ይምጣ።